ሥሩን ወደ ፀሐይ

ጠረን ሰውን ያናድዳል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ባለፈው ግንቦት ግን ከመቐለ ወደ ቁሓ በሚወስደው መንገድ ላይ የመኪናችን ጎማ ፈነዳና ወርደን ቆምን። መንገዱ ዳር አንዲት ሴት የበለስ ቁልቋል ቅጠል በእሳት ትለበልባለች። እሾሁን አቃጥላ ለበሬዋ ልትሰጠው ነው። እሾሁ እየተንጣጣ ሲነድ የሚወጣው ጠረን የተቃጠለ ፀጉርና የተቀቀለ ዱባ አንድ ላይ ያሸተቱት ያህል ነው፤ ያን ጠረን ያወቅሁት በዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አፍንጫዬ ላይ ሲደርስ ፊቴ ጋለ።

ሴትዮዋን የሚያግዛት ጎረምሳ እንግዳ መሆኔን አይቶ ሊያጫውተኝ ፈለገ። ከኋላው ያለውን ተዳፋት በእጁ አሳየኝ። ከላይ እስከ ታች በለስ ነው፤ ሌላ ነገር የለበትም።

“ኣደይ፣ ይሄ የእግዚሔር ሀብት ነው” አለኝ፤ ኣደይ እናቴ ማለቱ ነው። “ማንም ሳይተክለው የበቀለ።”

“ማንም ሳይተክለው?” አልኩት። “ማን እንደ ተከለው አላውቅም ብለህ ነው? በየትኛው ቀን እንደ ተተከለ እንኳ አውቃለሁ!”

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ሾፌሩ ጎማውን ትቶ ቀና አለ። ልጁም ደንግጦ ወደ ኋላ አለ። ምን ያድርግ፣ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ያን ተዳፋት እኔ የማውቀው ወይራና ጥድ ሞልቶበት ነው።

ያኔ ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። አባቴ ጸሐፊ ሆኖ ከሸዋ ወደ መቐለ ተዛወረና እናቴንና እኔን ይዞን መጣ። የተከራየነው ቤት ከከተማው ጫፍ በምሥራቅ በኩል ነበር። ከቤታችን በላይ ያለው ተዳፋት ሕዛእቲ ይባላል፤ አገሬው ተማክሮ ከከብትም ከምሳርም የከለለው ደን ማለት ነው። ከወይራው ሥር ገብቶ መቀመጥ ይቻላል፣ እንጨት መስበር ግን አይቻልም። ይህን ሕግ ከዋዜማ ጾም ይልቅ ያከብሩት ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

የደኑ ዘበኛ ኣቦይ ካሕሳይ ነበሩ። የመረጣቸው አገሬው ነው፤ በኋላ ግን የአባቴ መሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ አስገብቷቸው ሹመታቸውም ሽረታቸውም በመሥሪያ ቤቱ እጅ ሆኗል። ረጅም፣ ደረቅ ሽማግሌ ናቸው። ከደኑ ግርጌ ባለች ጎጆ ለብቻቸው ይኖራሉ። ባላ እንጨትና አንድ መቆፈሪያ ብረት ከእጃቸው አይለይም። ከእኔ ጋር የሚያወሩት በትግርኛ ነው፤ እኔ ሰፈር ውስጥ ከልጆች ጋር ስራገጥ በአንድ ክረምት አቀላጥፌው ነበር። እዚህ የማስቀምጠው በአማርኛ ነው፣ አንዳንዱን ቃል ግን ከአፋቸው ነጥቄ መለወጥ አልሆነልኝም።

ሲጀመር ጠልቻቸው ነበር። በመጣንበት ክረምት በለስ የሚሸጡ ሴቶች በየመንገዱ ነበሩ፣ እኛ ልጆች ግን የሚጥመን የሰረቅነው ነው። ከደኑ ጫፍ ሄደን ስንለቅም ኣቦይ ካሕሳይ ደረሱብን። አልገረፉንም። ሁላችንንም ሰብስበው ጎጆዋ ደጃፍ አስቀመጡንና የለቀምነውን ላጡልን። “ብሉ፣ ፍሬውን ግን እዚህ ትፉ” ብለው ገል አቀረቡልን። ያን ጥቃቅን ጠጠር የመሰለ ፍሬ እየተፋን ስንጨርስ ገሉን ወስደው እሳት ውስጥ ደፉት። ሌላው ዓለም በለስ ፍሬውን እየዋጠ ይበላል፣ እኛ እየተፋን። ቤት ሄጄ ለእናቴ፣ “ያ ሽማግሌ ስስታም ነው፣ ለቁራ እንኳ ፍርፋሪ አይተውም” አልኳት።

“አንቺ የሰው ደን ገብተሽ ሰርቀሽ፣ እሱ ስስታም?” አለችኝ እናቴ። እሷ ፍርድ ታውቃለች።

ሁለተኛው ስሕተቴ የባሰ ነበር። ኅዳር ላይ እናቴ ውኃ ልካኝ ስመለስ ከደኑ መሃል ባለው ጥቁር ገላጣ ድንጋይ ላይ በለሶች ተደርድረው አየሁ። ሙሉ ግንድ ናቸው፤ ሥራቸው ወደ ሰማይ፣ ቅጠላቸው ወደ ድንጋዩ ተደፍቷል። ኣቦይ ካሕሳይ በባላ እንጨታቸው እያገላበጡ ሥሩ ፀሐይ ማግኘቱን ያያሉ። እየቀጧቸው መሰለኝ። ገበያ መሃል ሰው ታስሮ ሲገረፍ አይቼ ነበርና ያ ትዝ አለኝ።

“ምን አጥፍተው ነው?” አልኳቸው።

እንዲያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። ከሳቁ በኋላ “ንዒ ርኣዪ” አሉኝ፣ ነይ እዪ ማለታቸው ነው፤ እንስራዬን አስቀምጬ ተከተልኳቸው።

ከአንድ ትልቅ ወይራ ሥር ወሰዱኝ። በቅጠሉ መሃል የደረቀውን አፈር በጣታቸው ጠረጉና አንዲት ብቃይ አሳዩኝ። ሁለት ወፍራም ጆሮ አላት፤ በጆሮዎቿ መሃል ጫፏ እሾህ ያበቀለ፣ ከእህል ቅንጣት ያልበለጠች ነገር ተቀምጣለች።

“ምንድን ናት?” አሉኝ።

“ባቄላ” አልኩ።

“ባቄላ እሾህ አለው? በለስ ናት፣ ጓለይ” አሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። “ወፍ በልታ እላይ ተቀምጣ የጣለችው ነው። ትልቁን በለስ ዓይነ ስውርም በእጁ ያውቀዋል፤ ይህችን የሚያውቅ ከሌለ ግን ደን የለም።”

ቀጥለው አንድ ሌላ ቦታ አሳዩኝ። ጣልያን ካምፑን ያጠረው በበለስ ነበር፤ ጣልያን ሄደ፣ አጥሩ ቀረ። አጥሩ ግን ባለበት አልቆመም። እየተገፋ ደኑ ድረስ ወጥቶ ነበር። በበለሶቹ መካከል ቁመቷ እኔን የምታክል ወይራ ተይዛ ቢጫ ሆናለች፤ ከሥሯ ሣር የለም፣ መንቀሳቀሻም የለም። ይቺ ወይራ ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች አሉኝ። እስካሁን እኔን ብቻ ማከሏ ገረመኝ። “ወይራ ሲያድግ ዕድሜ ይጨርሳል፤ በለስ ቸኩሎ ይሄዳል” አሉ። ስለዚህ በበጋ ከነሥሩ ይነቅላሉ፤ ገላጣው ድንጋይ ላይ ሥሩን ወደ ፀሐይ አድርገው እስኪጠወልግ ያደርቃሉ፤ እሾሁን በእሳት ለብልበው ለበሬ ለሚፈልግ ይሰጣሉ፤ የቀረውን ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይቀብራሉ። ያን ጠረን ያወቅሁት ያኔ ነው። ልብሴ ላይ ይዤው ቤት ስገባ እናቴ ከደጅ ታስወልቀኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ስመለስ ብቃይ ለቃሚ ሆንኩ። ከነሥሯ ለመጣች አንድ ብቃይ አንድ እፍኝ ቆሎ ይሰጡኛል። አንድ ቀን ስግብግብነቴ መጣብኝና አንዲቱን ከሁለት ገምሼ እንደ ሁለት አቀረብኳት። ሁለቱን ቁራጮች እጃቸው ላይ ገጥመው አገላበጡ፤ መሃላቸው ጎድሎ ነበር። “ይቺ ሥር የላትም። ሦስተኛዋ ቁራጭስ?” አሉኝ። ወድቃ ቀርታ ይሆናል አልኩ። በእውነት ተቆጡ፤ ጢማቸው ተንቀጠቀጠ። “ሂጂ ፈልገሽ አምጪ። ጥፍርሽን የምታክል ብትቀር በሚቀጥለው ክረምት ግንድ ሆና ትጠብቀኛለች።” ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ በጉልበቴ እየዳኽኩ ፈለግኋት፣ አገኘኋትም። ቆሎውን ግን አልሰጡኝም። ቁራጭ ይበቅላል ማለታቸውን እኔ ያኔ ሽማግሌ ሲያስፈራራ የሚለው ወሬ አድርጌ ነው የያዝኩት።

ሰኔ ገባ። አንድ ማለዳ የአባቴ አለቃ ወደ ደኑ መጡ። ስማቸውን አልጠራም፣ ሁሉም ግራዝማች ነበር የሚላቸው። ከክረምት በኋላ ከላይ የሚመጡ እንግዶች በዚያ መንገድ ያልፋሉ፤ ተዳፋቱ እሾህ ለብሶ እንዳይታይ ግራዝማች አገሬውን በዘመቻ አውጥተው ሊያስመነጥሩት አስበዋል። የመሥሪያ ቤቱ አስተርጓሚ ታሞ ቀርቷል። አባቴ፣ “ልጄ ትችላለች” አለ። በዘጠኝ ዓመቴ በግራዝማችና በኣቦይ ካሕሳይ መሃል ቆምኩ። ያን ቀን የተሰማኝ ኩራት ዛሬ ያሳፍረኛል።

ኣቦይ ካሕሳይ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዝግ ብለው ነው የተናገሩት፤ እኔን ላለማጣደፍ ይመስለኛል። ያሉት ሦስት ነገር ነው። አሁን አይነካ፣ ዝናብ ደርሷል፣ ጥቅምት ይጠበቅ። አይቆረጥ፣ ከነሥሩ ይነቀል። የተነቀለው ገደል አይጣል፣ ድንጋይ ላይ ይድረቅ፤ በዝናብ እርጥብ መሬት ያገኘች እያንዳንዷ ቁራጭ ራሷን ችላ ትበቅላለች።

አንዲት ቃል አልጣልኩም። ሦስቱንም በጣቴ እየቆጠርኩ፣ “ጌታዬ” የሚለውን ከራሴ እየጨመርኩ ተረጎምኩ። አባቴ እጄን በሚነካ ቅርበት ነበር የቆመው።

ግራዝማች ወደ አባቴ ዞሩ። “እንግዲህ ተቆርጦ የወደቀ ቅጠል ተነሥቶ ሊሄድ ነው?”

አባቴ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የተቆረጠ ሽንኩርት ተነሥቶ ሲሄድ አይቼ አላውቅም፣ ምን ላድርግ! ኣቦይ ካሕሳይ፣ “በምን ሳቃችሁ?” ብለው አልጠየቁኝም። ሳቅ አስተርጓሚ አይፈልግም።

የዘመቻው ቀን ሰው ገጀራውንና ምሳሩን ይዞ ወጣ። እንደ ደቦ ሥራ ነበር የያዙት፤ ይዘፍናሉ፣ ይፎካከራሉ፣ ማን ብዙ ጣለ ይባባላሉ። በለስ ለምሳር የተፈጠረ ይመስላል፣ አንድ ምት አይመልስም። ቅጠሉ ይበተናል፣ ፈሳሹ ይረጫል፣ መሬቱ ላይ አረንጓዴ ቁራጭ ተነጠፈ። ያን ጊዜ ኣቦይ ካሕሳይ ከመሃላቸው ገቡና ባላ እንጨታቸውን ወደ ላይ አንሥተው ጮኹ፤

“በሕግ አምላክ!”

የዛሬ ልጅ ይህ ቃል ምን እንደ ሆነ አያውቅም። በሕግ አምላክ የተባለ ሰው የሚሄድ ከሆነ ይቆማል፣ ሊመታ ያነሣ ከሆነ እጁን ይሰበስባል፤ ነገሩ ዳኛ ፊት እስኪታይ እርምጃ አይጨምርም። ሁሉም ቆመ። ምሳር አየር ላይ ቀረ፣ ዘፈኑ ተቋረጠ። አንድ ሽማግሌ በሁለት ቃል ያን ሁሉ ሰው ሲያቆም አይቼ አላውቅም ነበር።

ግራዝማች ከበቅሏቸው ሳይወርዱ፣ “ከሳሹ አንተ ነህ። ተከሳሹስ ማን ነው? ቁልቋሉ ነው?” አሉ።

የገባው ሳቀ፣ ያልገባው ሲነገረው ሳቀ። የሳቀ ሰው ደግሞ ቆሞ አይቀርም፣ ምሳሩ መልሶ ወረደ። አገሬው ሕጉን ሲያከብር ኖሮ በአንድ ቀልድ ጣለው። እስካሁን ከሚያንገበግቡኝ ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ኣቦይ ካሕሳይን በዱላ ዝም ቢያሰኟቸው፣ ቢያስሯቸው እንኳ ይሻል ነበር እላለሁ።

ቁራጩን ሁሉ በመንሽ እየገፉ ከደኑ በታች ወዳለው ቦይ ደፉት። የክረምት ጎርፍ በዚያ በኩል ነው የሚያልፈው፣ ከታች የሰው እርሻ ነው። ኣቦይ ካሕሳይ ተንጠባጥቦ የቀረውን በጋቢያቸው እየለቀሙ ገላጣው ድንጋይ ላይ ደረደሩ፤ እኔም ረዳኋቸው፣ ጣቴ በእሾህ አለቀ። በማግሥቱ ሁለት ሰዎች ተልከው መጡና ድንጋዩን ጠረጉት። ለዓይን ያስጠላል ተብሎ ነው። የተጠረገውም ቦዩ ውስጥ ገባ።

ከቁራጮቹ አንዷን እኔ ወስጄያት ነበር። ፊት ትመስል ነበርና እሾኋን በድንጋይ ፍቄ፣ በከሰል ዓይንና አፍ ሥዬ፣ በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልዬ አሻንጉሊት አደረግኋት። ከጓሮ በኩል የግድግዳ ቀዳዳ ውስጥ አስቀመጥኳትና ዝናቡ ሲበረታ ረሳኋት። ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ትዝ አለችኝና ሄጄ ሳወጣት ከጨርቁ በታች ነጫጭ ክር ተንዠርግጓል። አናቷ ላይ ሁለት ቀንድ አብቅላለች። አፈር የለ፣ ውኃ ያጠጣት የለ! ጮኼ ስጥላት እናቴ ሮጣ መጣች። አየቻትና፣ “በስመ አብ! ይህን ሰይጣን ከቤቴ አውጪልኝ” አለች።

በዝናብ እየሮጥኩ ለኣቦይ ካሕሳይ ወሰድኳት። ከእጄ ተቀብለው ያን የከሰል ፊት አዩ፣ ሥሩን በጣታቸው ዳሰሱ። “ሕጂኸ አመንሽ?” አሉኝ።

አሁንስ ማለታቸው ነው። ያን ቀን ስተረጉም እንዳላመንኳቸው ያውቁ ነበር። አፍሬ መሬት መሬት አየሁ። እጄን ይዘው ወደ ቦዩ አፋፍ ወሰዱኝ። ቦዩ አረንጓዴ ሆኗል። የተደፋው ሁሉ ተነሥቷል፤ ቅጠል በቅጠል ላይ ቆሞ፣ ሥሩን በጭቃው ሰዶ። የላይኛውን ጎርፉ ወስዶ ከታች እርሻው ላይ በትኖታል። ወደ ደኑም ዞረን አየን፤ አንድ ግንድ በተቆረጠበት ዙሪያ አሥርና አሥራ አምስት ቆሟል።

“ግራዝማችን እንግዳ ነው ብዬ እተወዋለሁ” አሉኝ። “አባትሽም እንግዳ ነው። አለማወቅ ነውር አይደለም። የሚያውቅ ሰው ሲነግራቸው መሳቃቸው ነው ያቃጠለኝ።” እኔም ስቄ ነበር። ያንን ግን አላነሡብኝም።

እርሻቸው ላይ በለስ የተበተነባቸው ገበሬዎች ክረምቱ ሲያበቃ መጡ። ጤፋቸው መሃል የበቀለውን በጆንያ ተሸክመው መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ዘረገፉት። እንግዶቹ ሊመጡ ሳምንት ቀርቷል። ግራዝማች አንድ ጥፋተኛ ያስፈልጋቸው ነበር፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው እንደሚባለው ዳውላው ተገኘ።

ሸንጎው የተሰበሰበው ከትልቁ ዳዕሮ ሥር ነው፣ ሾላ የምንለው። ሽማግሌዎች በድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ ገበሬዎቹ ቆሙ። እኔ ትምህርት አልነበረኝምና ከአባቴ ጎን ነበርኩ። አባቴ የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ አነበበ። ጽሕፈቱም ንባቡም ያማረ ሰው ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ ደብዳቤ ሲያነብ በኩራት የማዳምጠው በዚያው ድምፅ አነበበው። ዘበኛው የአረሙን ጠባይ እያወቀ ለመሥሪያ ቤቱ አስቀድሞ ባለማስታወቁ ይህ ሁሉ ጥፋት ደርሷል፤ ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ከዘበኝነቱ ተሽሯል፣ ጎጆዋንም ለተተኪው ያስረክብ።

ባለማስታወቁ! ቀና ብዬ አባቴን አየሁት። እሱ ወረቀቱን ያይ ነበር። አስተርጓሚው አሁን ድኖ መጥቷልና ለአገሬው በትግርኛ መለሰው። ኣቦይ ካሕሳይ እስኪጨርስ ጠበቁና ተነሡ።

“ነግሬያለሁ” አሉ። “ሰኔ ላይ፣ እዚያው ደኑ ውስጥ ቆሜ ነግሬያለሁ።”

“አልነገረንም” አሉ ግራዝማች።

የሸንጎው ታላቅ የሆኑት ሽማግሌ፣ “ምስክር አለህ?” ብለው ጠየቁ።

“አለኝ።”

ሰው ሁሉ ዞሮ ፈለገ። ኣቦይ ካሕሳይ ወደ እኔ ነበር የሚያዩት። በዚያች ሰኔ ማለዳ ከእሳቸው፣ ከግራዝማችና ከአባቴ ሌላ የነበርኩ እኔ ብቻ ነኝ። ሦስት ነገር ነግረዋል፤ ሦስቱንም እስካሁን በጣቴ መቁጠር እችላለሁ። አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ የአባቴ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ።

አልቆነጠጠኝም፣ አልጫነኝም። አረፈ ብቻ። ግን በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ እጅ የለም።

ኣቦይ ካሕሳይ እጁን አዩት። ከእጁ ወደ ፊቴ፣ ከፊቴ ተመልሰው ወደ እጁ አዩ። እኔ ምን እንደሚያዩ አልገባኝም ነበር፤ የተናደዱብኝ መሰለኝ። እሳቸው ግን አመዛዝነው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

“ቆልዓ እያ” አሉ። ልጅ ናት። “ተዉአት። ምስክር የለኝም።”

በቃ፣ ይኸው ነው። ፍርዱን ከዚያ በኋላ የሚያቆመው አልነበረም። ገበሬዎቹ አጉረመረሙ፤ ሽማግሌዎቹ ምስክር የሌለውን ነገር ሊያጸኑ አልቻሉም። ኣቦይ ካሕሳይ መቆፈሪያቸውን ዳዕሮው ሥር አስቀምጠው፣ ባላ እንጨታቸውን ብቻ ይዘው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ጎጆዋ ደጃፍ ሌላ ሰው ተቀምጦ በለስ ይበላ ነበር፤ ፍሬውንም ወዲያ ወዲህ ይተፋዋል።

ሸንጎው የተበተነ ዕለት አመሻሹ ላይ አባቴን ጠየቅሁት። “አባባ፣ ነግረውን አልነበረም?”

መልስ ከመስጠቱ በፊት ቀለሙን ከደነ። “ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ፣ ልጄ” አለ።

“ግራዝማች ንጉሥ ናቸው?”

“የእንጀራችን ንጉሥ ናቸው።”

እናቴ ከምድጃው ዘንድ ሆና፣ “እንጀራህ ጨው ሆኖ ይውረድልህ!” አለችው። ከዚያ በፊት ክፉ ቃል ስትናገረው ሰምቼ አላውቅም። ሳምንት ሙሉ አላናገረችውም። እኔ ግን አናገርኩት፤ እጄን ይዞ ትምህርት ቤት አደረሰኝ፣ እንደ ድሮው ሳቅሁለት። አባቴን እወደው ነበር። ይህን የምጽፈው እንዲቀለኝ አይደለም፣ ስለሆነ ነው።

እንግዶቹ አለፉ። ያለፉት በመኪና ነው፣ መስኮቱም ተዘግቶ ነበር። ተዳፋቱን ያየ አንድም ሰው አልነበረም።

ያን የግንቦት ቀን ሾፌሩ ጎማውን ሲጨርስ እኔ ከመንገዱ ወርጄ ቦዩን ተሻግሬያለሁ። ጎረምሳው፣ “ኣደይ፣ እሾህ ነው!” እያለ ተከተለኝ። ወይራዋን ፈለግሁ፣ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጠውን። ቦታዋን እንኳ መለየት አልቻልኩም። ያ ጥቁር ገላጣ ድንጋይ ብቻ አለ፣ በዙሪያው በለስ ቆሞበት። ከጥጉ አንዲት ሁለት ጆሮ ያላት ብቃይ አገኘሁ። ጎንበስ ብዬ ከነሥሯ ነቀልኳትና ድንጋዩ ላይ ሥሯን ወደ ፀሐይ አድርጌ አስቀመጥኳት።

“ምንድን ናት እሷ?” አለኝ ልጁ። “ባቄላ ናት?”

እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ይህን ጥያቄ ሳይሆን ሌላውን፣ ከዳዕሮው ሥር ሽማግሌው፣ “ምስክር አለህ?” ብለው የጠየቁትን ነው የሰማሁት። ማንም አልጠየቀኝም አልል፤ ኣቦይ ካሕሳይ አስቀሩልኝ እንጂ ተጠይቄያለሁ። ምሕረታቸውን ማን ለመናቸው? አባቴን ከማዋረድ ሊያድኑኝ ብለው ደናቸውን ሰጡ። እኔም ተቀበልኩ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ተቀብዬ ዝም ብያለሁ። ሸንጎውም የለ፣ ዳዕሮውም ተቆርጧል፤ ያለው ይህ የሰው ልጅ ነው፣ ለእሱው እመልሳለሁ አልኩ።

“ነግረዋቸው ነበር” አልኩት። “ሦስት ነገር ነገሯቸው። እኔ ነኝ የተረጎምኩት።”